«እናትሽ ቤት ብቻቸውን ናቸው?»

ባለፈው ክረምት የሆነ ነው። ከማላውቀው ሰው መልእክት በደረሰኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ እኔና እናቴ ወሎ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ገባን። አንድ ቅዳሜ እናቴ መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወደቀች። ግራ እጇ አበጠ። ሆስፒታል እንሂድ ብላት አሻፈረኝ አለች።

«ወለም ብሎኝ ነው። ጋሽ ወንድሙን ፈልጊልኝ» አለችኝ።

ጋሽ ወንድሙ የድሮ ሰፈራችን ወጌሻ ናቸው። ሰፈሩ ሲበተን የት እንደገቡ አላወቅንም። ስልካቸውም አይሠራም።

የካዛንቺስ ልጆች የከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። አብዛኛውን ሰው አላውቀውም። ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ነው፤ አንዱ ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ሌላዋ ድመቴ አልበላም አለች ትላለች። እኔም እሑድ ጠዋት እናቴ ወድቃ እጇን እንደታመመች፣ ጋሽ ወንድሙ ያሉበትን የሚያውቅ እንዲነግረኝ ጻፍኩ። ብዙዎቹ «እግዜር ይማራት» አሉ። አንዱ ናዝሬት ገብተዋል አለ፤ ሌላው ሞተዋል አለ።

ሰኞ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ በውስጥ መስመር መልእክት መጣ። ፎቶ የለውም፤ ስሙም «መ» የምትል ፊደል ብቻ ናት። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም።

«እናትሽ ስንት ዓመታቸው ነው?»

ሰባ ሁለት አልኩ።

«ቤት ብቻቸውን ናቸው?»

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። መልስ ሳልሰጥ ሌላ ተከተለ። «ስንተኛ ፎቅ ናችሁ? ሊፍት አለው? ቀን ቀን ጉልበት ያለው ወንድ ቤት ይኖራል?»

ጭንቅላቴ ውስጥ የሰማሁት የሌባ ወሬ ሁሉ ተግተለተለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የታመመው ያ ድሮ የተሰበረው ግራ እጃቸው ነው?» የሚል መጣ።

እናቴ ልጅ እያለሁ ግራ እጇ ተሰብሮ ነበር። ግሩፑ ላይ ግን ይህን አልጻፍኩም፤ የትኛው እጅ እንደሆነም አልተናገርኩም።

አብሮኝ ለሚሠራው ለሄኖክ አሳየሁት። አነበበና ስልኩን መለሰልኝ። «በቃ፣ ይሄ ቤታችሁን እያጠና ነው። ማለቴ፣ ወንድ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን ሊሆን ይችላል? ብሎክ አድርጊው።»

ብሎክ አደረግኩት። ማታ ለሕንፃችን ጥበቃ ማንም የማያውቀው ሰው ወደኛ ቤት እንዳይወጣ ነገርኩት። እናቴንም በር እንዳትከፍት አስጠነቀቅኳት። እሷ ግን ሐሳቧ እጇ ላይ ነበር። ሌሊቱን ስታቃስት ነው የምታድረው። ሆስፒታል ስላት አሁንም ጋሽ ወንድሙ ትላለች።

ረቡዕ ከሌላ አካውንት መልእክት መጣ። «ዘጋሽኝ እንዴ? መሠረት እባላለሁ፣ የጋሽ ወንድሙ ልጅ ነኝ። አባቴ ሊመጡ ይፈልጋሉ። አድራሻ ላኪልኝ።»

ይሄን ጊዜ ይበልጥ ጠረጠርኩ። ስማቸውን እኮ ራሴ ግሩፑ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ማንም አንስቶ ሊጠቀምበት ይችላል። አድራሻውን ከለከልኩና በምሳ ሰዓት ደምበል የገበያ ማዕከል በር ላይ እንገናኝ አልኩ። ሄኖክን ይዤ ሄድኩ። ቀድመን ደርሰን ከመንገዱ ማዶ ቆምን።

አንዲት ሴት አንድ ሽማግሌ ደግፋ ከታክሲ አወረደች። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ ተመርኩዘዋል። ከስተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። እሳቸው ነበሩ። መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም።

«የጥሩወርቅ ልጅ ነሽ?» አሉኝ፣ ድምፄን ሰምተው።

ወደ እኛ ቤት ስንሄድ ታክሲ ውስጥ መሠረት አስረዳችኝ። አባቷ ከከተማው ዳር ገብተዋል፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚያክሙት ጥቂት ሰው ነው። «መርዳት ካልቻልኩ ስሜን አትንገሪያት፣ በከንቱ ተስፋ ታደርጋለች» ብለዋት ነው መጀመሪያ ማንነቷን ሳትናገር የጠየቀችው። ፎቁን የጠየቁት ደረጃ ስለሚከብዳቸው ነው። ወንዱ ደግሞ እጅ ሲታሽ በሽተኛዋን ደግፎ የሚይዝ ነው። ያንን ግራ እጅ ያኔ ያሹት ራሳቸው ነበሩ። ሄኖክ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የሕንፃችን በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው አላስገባም አለ። «እህቴ፣ ማንም እንዳይገባ ያልሽው አንቺ ነሽ» አለኝ፣ እሳቸው እየሰሙ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ወንድሙ በየወለሉ እያረፉ ወጡ። የእናቴን እጅ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት እንጂ አልተጫኑትም። ከዚያ ቀስ አድርገው ጭኗ ላይ አስቀመጡት።

«ጥሩዬ፣ ይሄ ወለምታ አይደለም። ተሰብሯል። የኔ ሥራ አይደለም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ» አሏት።

አምስት ቀን የለመንኳት እናቴ ወዲያው ነጠላዋን አነሳች።

ሐኪሙ ቀድማችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር አለን። እጇ ድኗል፤ ትንሿ ጣቷ ግን እንደ ድሮው አትታጠፍም።

ያኔ መጠርጠሬ ጥፋት ነው ብዬ አልምልም፤ ዛሬም እንዲህ ያለ መልእክት ቢመጣ መደንገጤ አይቀርም። የሚቆጨኝ ማን እንደሆነች አንድ ጊዜ እንኳን ሳልጠይቅ መዝጋቴ ነው። ጋሽ ወንድሙን በየበዓሉ እየሄድን እንጠይቃቸዋለን። እናቴ ያን ቀን ስለመጡላት መርቃቸው አትጠግብም። ሰኞ ዕለት ሊመጡ ፈልገው በሩን የዘጋሁባቸው እኔ እንደሆንኩ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።