አያ ሰጠኝ የዋጡት ስም

ከእንፍራንዝ በላይ ባለው ደጋ የርስት ክርክር ተነሥቶ ዘር ሲቆጠር፣ አያ ሰጠኝ ሳይጠሩ ነገሩ አይጀመርም ነበር። ፊደል አልቆጠሩም። አገሩን ካቀኑት ከአባት ወልደ ሐና ጀምሮ ማን ማንን እንደወለደ ሲናገሩ ግን ትንፋሽ እንኳ አይወስዱም። ዘሩ የተቆጠረለት መሬቱን ያርሳል፤ ያልተቆጠረለት አፉን ይዞ ይመለሳል። ኧረ የሳቸው ሀብት በሬም አይደል፣ ይቺው መታመናቸው ናት!

በሃምሳ ዘጠኝ ክረምት አንዲት የፈረንጅ ልጅ ወደ ቀበሌው መጣች። ሚስ ሄለን ይሏታል፤ በአገሯ የኮሌጅ ተማሪ ናት። የሚያስተረጉምላት አለነ የሚባል የጎንደር ከተማ ልጅ ነው።

«ምን ፈልጋ ነው?» አሉት አያ ሰጠኝ።

«ማን ከማን እንደሚዛመድ ጽፋ ለአስተማሪዋ ልታሳይ ነው።»

ወይ ጉድ! አያ ሰጠኝ ዕድሜ ልካቸውን ስለ ሰው ቅድመ አያት ሲጠየቁ ኖረዋል፤ መሬት ሳይፈልግ የጠየቃቸው ግን አንድ ሰው የለም። ልጅቱ ሸጋ ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ቆሎውንም ሳትጸየፍ ትቆረጥማለች። ታዲያ የሰው አያት ምን ያደርግላታል? በአገሯ መሬት የላትም? ወይስ ከኋላዋ የላካት አለ? ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ፤ ጨርሶ ግራ ገባቸው።

«ምነው፣ ጠየቀችህ እንጂ መች ነጠቀችህ?» አለቻቸው ታየች የምትባለው ሚስታቸው።

በመጨረሻ ለልጅቱ ነገሯት። አንዱን ስም ግን ዋጡት። ወልደ ሐና የወለዱት ሦስት ነው፤ አያ ሰጠኝ ሁለቱን ወንዶች ተናግረው ሴቲቱን ወለተ ክሮስን አስቀሯት። ከወለተ ክሮስ ዘር በአገሩ የቀረችው ባሏ የሞተባት ትርንጎ ብቻ ናት፤ የሚሟገትላት ወንድም የላት፣ ልጅ የላት። መሬት ፈላጊ ቢመጣ የሚገባው በደካማው በኩል ነው። ሐረጓ ካልተጻፈ በምን ያገኛታል? እንዲህ ብለው ደስ አላቸው።

ልጅቱ መሄጃዋ ሲደርስ፣ ለአገሩ ሰው ውለታ ይሁን ብላ ትውልዱን ሁሉ በትልቅ ወረቀት ጽፋ አመጣች። ሰው ከወይራው ሥር ተሰበሰበ፤ አለነም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ያያቱን ስም የሰማ ሁሉ ፈገግ አለ።

ንባቡ ሲያልቅ የአጥቢያው ዳኛ ተነሣ። ማሳው ከትርንጎ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ በመሬቷ ላይ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷል።

«ወለተ ክሮስ የታለች? የለችም! ይኸ ደግሞ ከራሱ ከሰጠኝ አፍ የወጣ ነው። እንግዲህ ትርንጎ በማን በኩል ነው የምታርስ?»

ትርንጎ አያ ሰጠኝን ትክ ብላ አየቻቸው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ! ዝም ካሉ ሴትዮዋ መሬቷን መነጠቋ ነው፤ ከተናገሩ እሳቸው ቀጣፊ መባላቸው ነው። ተነሥተው ቆሙ።

«ዋሽቻለሁ» አሉ። «ወለተ ክሮስ የወልደ ሐና ልጅ ናት። የደበቅኋት እኔ ነኝ።»

«ያኔ ዋሽተህ፣ አሁንስ?» አለ ዳኛው።

ወንጌል ከቤተ ክርስቲያን መጣ፤ አያ ሰጠኝ ጨብጠው ማሉ። የአገሩ ሽማግሎችም ማሳው ለትርንጎ ይጽና ብለው ፈረዱ። ሄለን ፊቷ ቀልቶ፣ «ለምን ደበቁኝ?» ስትል በአለነ በኩል ጠየቀች። እሳቸውም መልሰው «አንቺስ መሬት ካልፈለግሽ ለምን ጠየቅሽኝ?» አሏት። አለነ የሁለቱንም አንድ በአንድ ተረጎመ፤ ለሁለቱም ግን ምንም አልገባቸውም።

በጥቅምት ከወንዙ ማዶ ሌላ የርስት ክርክር ተነሣ። ሽማግሎቹ በማለዳ ሲመጡ አያ ሰጠኝ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ከደጃፋቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሽማግሎቹ «እንደምን አደርህ» አሏቸውና አለፉ።