በር ላይ ደርሷል

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ደስታ ስቆርጥና ስቀጥል እውላለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰውዬ ክሮስ ከት የሚባለውን ሲያሳየኝ፣ «የሚጠብቀውንና የሚመጣውን እያፈራረቅህ አሳይ፤ መጨረሻ ላይ በር ላይ አገናኛቸው። ካላገናኘሃቸው ተመልካቹ ይቅር አይልህም» ብሎኝ ነበር። ለዚህ ደግሞ እንደኛ ሠርግ የሚመች የለም። አንዱ ካሜራ ሙሽራው ቤት፣ ሌላው ሙሽሪት ቤት ይሆናል። እሷ ስትኳኳል፣ እሱ መኪና ሲገባ፣ እሷ በመስኮት ስታይ፣ እሱ አደባባይ ሲዞር፤ በመጨረሻም ሚዜዎቹ በር ላይ ተከልክለው ሲጋፉ። ስንቱን እንደሠራሁ እንጃ። አሁንም ግን እዚያ በር ላይ ስደርስ ሥራዬን ትቼ እንደ ተመልካች አያለሁ።

አባቴ ቤቴል ካሉት ክሊኒኮች አንዱ ውስጥ ተኝቶ በነበረበት ቅዳሜ፣ እኔ እዚሁ ሰፈር ሙሽሪት ቤት ሠርግ እየቀረጽኩ ነበር። ጠዋት ሳየው ተሽሎታል ብዬ ነው የሄድኩት፤ ወይም እንደዚያ ማለቱ ቀሎኝ ነው። እህቴ አጠገቡ ቀረች። ረፋዱ ላይ ደወለችልኝ። ከሰዓት በኋላ ስደርስ ፊቱን በአንሶላ ሸፍነውታል። «ስልኬን ድምፁን አጥፍቼው ነበር፤ አላየሁትም» አልኳት። ለቅሶ ላይም ዘመድ ሁሉ ባለበት ደጋገምኩት። እሷ ዞር ብላ ለለቅሶተኛው ውኃ ቀዳች።

ሥራ አይጠብቅም። ከሰልስቱ በኋላ የዚያን ሠርግ ቪዲዮ ከፈትኩት። ሙሽሪት መስታወት ፊት ተቀምጣ ስትኳኳል ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሜው ነበር። መስታወቱ ውስጥ፣ ከትከሻዋ በላይ አንድ ሰው ይታያል። ስልክ ከኪሱ ያወጣል፣ ያየዋል፣ በአውራ ጣቱ ይዘጋውና መልሶ ይከተዋል። ከዚያ «ቀና በይ፣ ፈገግ!» ይላል። እኔ ነኝ። ድምፄን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም። ቁራጩን ከሠርጉ አወጣሁት፤ ጨርሶ ማጥፋት ግን አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ መስታወት ያለበት ክፍል ውስጥ ስቀርጽ ራሴን እንዳላይ ጥግ እይዛለሁ።

ለሙት ዓመቱ የመታሰቢያ ቪዲዮ ልሠራ ስል እህቴ ስልኳን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «የአባባ ፎቶዎች እዚህ አሉ፤ አንተው አውጣቸው» ብላኝ ወጣች።

ከፎቶዎቹ መሀል የዚያች ቅዳሜ ቪዲዮ አለ። ሲጀምር አባቴ «ቅረጪኝና ላኪለት» ይላታል። ከዚያ የሚለው ይጠፋዋል። «የት ደረሰ?» ይላል ቆይቶ።

«ተነስቷል አባባ፣ ታክሲ ይዟል» ይላል የእህቴ ድምፅ።

«አሁንስ?»

«አየር ጤና ደርሷል። የቤቴል ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፉ ትንሽ ረዘመበት።»

አባቴ ሰልፉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ በትዕግሥት ራሱን ነቀነቀ። እህቴም ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ፣ መንገድ ተዘጋጋብኝ፣ ወረድኩ፣ ደረጃውን ወጣሁ። በመጨረሻ «በር ላይ ደርሷል፣ አባባ» አለችው። አባቴ አንገቱን በቀስታ ወደ በሩ አዞረ። ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል።

ሰዓቱን ከሠርጉ ቀረጻ ጋር አመሳከርኩት፤ የሙያ አመል ነው። በዚያች ደቂቃ በእርግጥም በር ላይ ነበርኩ። ሙሽራው ሲገባ እየቀረጽኩ ነበር።

ስልኳን ስመልስላት ዓይኗን ማየት አቃተኝ። «ለምን እንደዚያ አልሽው?» አልኳት።

«ስልክህ ሁለቴ ጠርቶ ስትዘጋብኝ ሰማሁ እኮ» አለች። «እሱ ደግሞ እየጠበቀህ ነበር። ምን ልበለው ታዲያ?»