መሃል ቆሜ ያቃጠልኩት መንደር

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አያት ካለው ቤቴ ስወጣ ዓላማዬ አንድ ነበር፤ መሠረትን ወደ ጨዋታችን መመለስ። የምትኖረው ቦሌ ቡልቡላ ነው። ያው አንድ ከተማ ውስጥ ነን፤ ቢሆንም ሦስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ አልሄድኩም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አራት ነበርን፤ መሠረት፣ ቢኒያም፣ ሀብታሙና እኔ ሕይወት። ጠረጴዛ ከበን እንቀመጥና እያንዳንዱ የምናብ ሰው ይሆናል፤ ቢኒያም ሰይፈኛ፣ ሀብታሙ ጠንቋይ፣ መሠረት መድኃኒት ቀማሚ። የምናደርገውን በአፋችን እየተናገርን፣ መሳካት አለመሳካቱን ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ዳይስ፣ ጥለን እየለየን፣ አንድ ታሪክ አራት ዓመት አስኬድን። ታሪኩን የምመራው እኔ ነበርኩ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ ወንዙንም ተራራውንም እኔ አሰብኩ፤ ካርታውንና አውሬዎቹን መሠረት ሳለች። ሕጉም የእኔ ነው። በዚያ ምድር ክፉና ደግ እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ሲበረታ እኔ የደከመውን አግዛለሁ። በዚህ ሕግ በጣም እኮራ ነበር።

ታሪኩ ሳያልቅ ተበታተንን። ባለፈው ሳምንት ቢኒያም ደወለ። «እንጨርሰው እንጂ። ግን ያለ መሲ አይሆንም። አንቺን ትሰማለች፤ ሂጂና አናግሪያት» አለኝ። እሺ አልኩት።

መገናኛ

ከአያት መገናኛ በሚኒባስ ሃያ ብር ከፈልኩ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ በስልክ ለአንድ ሰው «አንተም እሷም ተዉት፣ ሁለታችሁም ጥፋተኞች ናችሁ» እያለች እስከ ሲኤምሲ ድረስ ጮኸች። በምን እንደተጣሉ አላወቅኩም። እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

መገናኛ እንደወትሮው ነው። ካልሲው፣ የስልክ ሽፋኑ፣ ጫማው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ሰው በላዩ እየተራመደ ያልፋል። ባዶ እጄን ላለመሄድ አንድ ኪሎ ሙዝ በመቶ ብር ገዛሁ።

«ለታማሚ ነው?» አለችኝ ሻጯ።

«አይ፣ ለጓደኛ።»

«ብዙ ጊዜ ያልተያያችሁ ነው የምትመስሉት» ብላ ሳቀች። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አልጠየቅኳትም።

ገርጂ

ሀብታሙ ገርጂ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። የምንጫወተው ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር። አሁን እስከ ጣሪያ ድረስ የወረቀት ካርቶን ሞልቷታል። ማሽኑ የአንድ ሰው መታወቂያ እያባዛ ሳለ ዓላማዬን ነገርኩት።

«አብረን እንሂድ?» አልኩት።

«እኔ? ምን ብዬ ነው አይኗን የማየው?»

«አንተ ምን አደረግክ?»

«ምንም» አለ። «ምንም አላደረግኩም።»

ወረቀቱን አንስቶ ለደንበኛው ሰጠና ጀርባውን አዞረብኝ።

የበታተነንን ነገር እዚህ ልናገር። ቢኒያም ቦሌ አካባቢ የስልክ ጨዋታ የሚሠራ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሥራ ሲያመለክት የመሠረትን አውሬዎች የራሴ ናቸው ብሎ አቀረበ። ተቀጠረ። እሷ ያወቀችው የሳለችው ባለ ሁለት ራስ ጅብ የቢሮው ማስታወቂያ ላይ ወጥቶ ስታየው ነው። እኔ ዘንድ መጣች። ስትስል በስልኬ ያነሳኋት ፎቶዎች ነበሩኝ፤ ደብተሩ፣ እጇ፣ ያላለቀው ጅብ፣ ቀኑ ሳይቀር።

«አብረሽኝ ቢሮው ድረስ ነይና ያየሽውን ተናገሪ» አለችኝ።

«ሁለታችሁም ጓደኞቼ ናችሁ፤ እኔ መሃል ነኝ» አልኳት። ፎቶዎቹን አልሰጠኋትም። ሀብታሙ ደግሞ ስልኩን አላነሳላትም። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ቡልቡላ

ከገርጂ ቦሌ፣ ከቦሌ ድልድይ ደግሞ ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ። አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የለም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያላለቁ ፎቆች፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫ፣ የአሸዋ ክምር። በሁለት ሕንፃዎች መሃል አንዲት ቁራጭ እርሻ ቀርታለች፤ ጎመን ተተክሎባታል።

የመሠረት ጎረቤት «ታፔላ እየጻፈች ነው፣ ከታች ካለው ሱቅ» ብላ ላከችኝ። እውነትም መሰላል ላይ ቆማለች። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሸኩር የሚባሉ ሽማግሌ መሰላሉን በአንድ እጃቸው ደግፈዋል። እኔን ሲያዩ በርጩማቸውን ገፉልኝ።

«እንግዳ ነሽ? ተቀመጪ ልጄ።»

«ምንም አይደል፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

መሠረት ወደ ታች አየችኝ። ብሩሹን አላቆመችም። «ሂዊ» አለች። ከስታለች፤ ጣቶቿ በሰማያዊ ቀለም ተነክረዋል። የ«ሸ»ን እግር ጨርሳ ወረደች። ሙዙን ሰጠኋት፤ ለጋሽ ሸኩር አቀበለቻቸው።

ስለ ጨዋታው ነገርኳት። የመድኃኒት ቀማሚዋ ታሪክ እንዳላለቀ፣ ያለ እሷ ደጉ ወገን ሰው እንደሌለው፣ ሚዛኑ እንደተዛባ። ስናገር አፌ ውስጥ ያለው ቃል ለራሴም ይቀፈኝ ጀመር፤ ግን ቀጠልኩ።

«ቢኒያም ነው የላከሽ?» አለች።

«አዎ።»

«መንደሯን ታስታውሻለሽ?»

አስታውሳለሁ። መድኃኒት ቀማሚዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወረርሽኝ፣ ከወንበዴ፣ ከድርቅ ያዳነቻት መንደር ነበረች። ደጉ ወገን በዛ ብዬ አንድ እሁድ አቃጠልኳት። ዳይስ እንኳን አልጣልኩም። መሠረት ያን ቀን አለቀሰች።

«ምን አጠፉ ብዬሽ ነበር። ምንም፣ ሚዛኑ ነው አልሽኝ። ጨዋታ ነው ብዬ ተውኩት» አለች። ጨርቅ አንስታ ጣቶቿን መጥረግ ጀመረች። «ከዚያ ቢኒያም የእኔን ሰረቀ፤ አንቺም እንደዚያው መሃል ነኝ አልሽ። መሃሉ የት ነበር ሂዊ? እሱ ሥራውን ይዞ ቀረ። እኔ ብቻዬን ቢሮው በር ላይ ቆምኩ፤ ጥበቃው ማስረጃ አለሽ ወይ አለኝ።»

ጋሽ ሸኩር ቀስ ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ።

«ፎቶዎቹ አሁንም አሉኝ» አልኩ። «ነገውኑ ሄጄ እናገራለሁ።»

«ለማን? ቢሮው ተዘግቷል። ጨዋታውም አልወጣም።» ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «እናቴ ግን እስከ ዛሬ ቅናት ይዞሽ ነው ትለኛለች። ጓደኞችሽ ሁሉ ከእሱ ጋር ከሆኑ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ አለችኝ። ለእሷ እንዳሳያት ላኪልኝ።»

እዚያው ቆሜ ላክኩላት። አሥራ አራት ፎቶ ነው። አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ያላለቀው ጅብ ላይ ስትደርስ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከታ መሰላሉን ወጣች።

«መሲ፣ ይቅርታ።»

«እሺ» አለች፤ ፊቷን ሳትመልስ። «ስትሄጂ መሰላሉን እንዳትነኪው፤ ይነቃነቃል።»

ወደ ቤት

ቦሌ ላይ ታክሲ የለም። አንድ ሰዓት ተሰልፌ ቆምኩ፤ ከዚያ መገናኛ፣ ከዚያ አያት። ሲኤምሲ ጋ ስደርስ ቢኒያም ደወለ።

«ትመጣለች?»

«አትመጣም። ሥዕሉ የእሷ እንደነበረ ለሁላችንም ተናገር።»

«አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል? ያለፈ ነገር ነው» አለ። ቀጥሎ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንቺ እኮ ሁልጊዜ ሁለቱንም ወገን የምታዪ ሰው ነበርሽ። እሱን ነው የምወድልሽ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ቤቴ የደረስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የጨዋታ ደብተሬን ገለጥኩ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሕጌ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ለምን እንዳወጣሁት አሁን አውቃለሁ። ክፉውን ክፉ ነህ ማለት ጠላት ያፈራል፤ ሁለቱም እኩል ናቸው ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም፤ ከተበደለው ሰው በቀር። እኔ ፈሪ ነበርኩ፤ ፍርሃቴን ፍትሕ ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ተማሪዎቼን ሳይቀር እሱን አስተማርኩ።

አራታችን የነበርንበት የቴሌግራም ግሩፕ አሁንም አለ፤ መሠረት ግን ከወጣች ቆይታለች። እዚያ ላይ ጻፍኩ፤ አውሬዎቹን የሳለችው መሠረት ናት፤ ቢኒያም ሰርቋታል፤ እኔ እያወቅኩ ዝም ብያለሁ።

ቢኒያም ከግሩፑ ወጣ። ሀብታሙ መልእክቴ ላይ የአውራ ጣት ምልክት አደረገ። ሻይ ጥጄ ስመለስ ምልክቱን አንስቶታል።