ያልጸለይኩባቸው ሌሊቶች

የተወደዳችሁ ቅዱሳን፤ ሳሮ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ግን ከፈውሴ በፊት ውሸቴን መናገር አለብኝ፤ ታገሡኝ።

ታውቁኛላችሁ፣ አስተማሪ ነኝ፣ በጸሎት ቡድናችንም ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ባለፈው ክረምት ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ትራስ ደራረብኩ፣ አልሆነም። ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ማደር ጀመርኩ። ጎረቤቴ እህት አስቴር መብራቴን አይታ፣ "መምህርት ሌሊቱን ሙሉ ስትማልድ ታድራለች" ብላ ለቡድኑ ተናገረች። እኔም ዝም አልኩ። ቅዱሳን፣ ዝምታዬ ጣፈጠኝ። የጸሎት ርዕስ በወረቀት እየጻፋችሁ ታመጡልኝ ጀመር። ትራሴ ስር አደርገዋለሁ እንጂ አንዱንም አላነብም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ከበደ።

አንድ ቀን እጄን ደረቴ ላይ ሳደርግ የሚመታ ነገር አጣሁ። ቦታ እየቀያየርኩ ፈለግሁ፣ የለም። ሰው በሕይወት እያለ ልቡ የት ይሄዳል? በመስታወት ሳይ የአንገቴ ሥሮች ተነፍተዋል፤ የሌላ ሰው አንገት መሰለኝ። ፈራሁ፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

በዚያው ሳምንት አስቴር መጣች። ልጇ ገሱባ ከተማ አያቷ ጋ ታማ ተኝታለች። "ጌታ ስለ ልጄ ምን አለሽ?" አለችኝ። "ትድናለች ብሎኛል" አልኳት። ጌታ ምንም አላለኝም። "እንግዲያው ሐኪም ቤት ምን ያደርግልኛል" ብላ ደስ ብሏት ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወደቅሁ። አስቴር ናት በባጃጅ ሆስፒታል ያደረሰችኝ። ወጣቱ ዶክተር ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አደረገ፤ አነሳው፣ ደግሞ አደረገው። "ልብዎ ከሩቅ ነው የሚሰማው" አለኝ። የእጄን ምት በጣቱ ይዞ፣ "አየር ይሳቡ" አለኝ። ስስብ ለነርሷ፣ "ምቱ ጠፋ" አላት። ከዚያ፣ "በጀርባዎ መተኛት ካቃተዎት ስንት ጊዜ ሆነዎት?" ብሎ ጠየቀ።

አስቴር ሌላውን እጄን እንደያዘች ቀደመችኝ። "ዶክተር፣ እሷ አትተኛም፤ በጸሎት ነው የምታድረው።"

ዝም ብል ክብሬ እንደነበረ ይቆያል። እኔም እሞታለሁ፣ ልጅቷም ትሞታለች።

"ሦስት ወር ሆነኝ" አልኩ። "ጸሎት አይደለም፣ መተኛት አቅቶኝ ነው። አስቴር፣ ስለ ልጅሽም ጌታ አልነገረኝም። ዛሬውኑ ውሰጃት።"

እጄን ለቀቀች። እየሮጠች ወጣች።

በአልትራሳውንዱ ልቤን አሳዩኝ። ዙሪያው ጥቁር ነው። "ጥቁሩ ውሃ ነው፤ ልብዎን አፍኖታል፣ አሁኑኑ መቀዳት አለበት" አለ። ልቤ በዚያ ጥቁር ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ሰጥሞ ያልሞተ ነገር ይመስላል። ከደረት አጥንቴ በታች አደንዝዞ መርፌ ከተተ። ደም የቀላቀለ ውሃ ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። እኔ ነቅቼ ነበር። የጠፋው ምት፣ ሰው በጨለማ ወደ ቤቱ ሲመጣ እንደሚሰማ ኮቴ፣ ቀስ እያለ ቀረበኝ። ያኔ አለቀስኩ። ወገኖቼ፣ ስድስት ዓመት አገልጋይ ተብዬ ጌታን ያገኘሁት እዚያ አልጋ ላይ ነው። ጦሳይ ጋላተቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በሽታው የልብ ሽፋን ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ስድስት ወር ውጬ ጨርሻለሁ። ዶክተሩን የሰጠኝ ጌታ ይባረክ።

የአስቴር ልጅ ሳንባ ምች ነበረባት። "ሁለት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ" ብለው ሐኪሞቹ ለእናቷ ነገሯት። ልጅቷ ድናለች፣ ክብሩን እሱ ይውሰድ። እናቷ ግን እስከ ዛሬ አታናግረኝም፤ አልፈርድባትም።

ቅዱሳን፣ ጌታን ታመኑት። እውነታችሁን ብትነግሩት አይጥላችሁም፣ እኔን አልጣለኝም። የታመማችሁ ታከሙ፣ እኛም እንጸልያለን። አስቴር፣ እዚያ ኋላ ወንበር ላይ እንዳለሽ አያለሁ። ጌታ ነገረኝ ብዬ የምነግርሽ ምንም የለኝም። ይቅር በይኝ ብዬ የምለምንሽ እኔው ነኝ።