ከሊል የተቀመጠበት ቀን

ከሊል ወንበር ያከራያል እንጂ ወንበር ላይ አይቀመጥም። አርባ ምንጭ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያው ጀርባ ካለው መጋዘኑ ድንኳኑን፣ ሞንታርቦውን፣ ጄኔሬተሩንና ነጫጭ የፕላስቲክ ወንበሮቹን አይሱዙ ላይ ጭኖ የጋሞን ገጠር ሲያዳርስ ስንት ዘመኑ። ሰርግ ይሁን ምረቃ፣ ለቅሶ ይሁን የትምህርት ቤት በዓል፣ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ እሱ የድንኳኑን ቋሚ ተደግፎ ይቆማል። “የገዛ ወንበርህ ይነክስሃል እንዴ?” እያልኩ ስንቴ አብሽቄዋለሁ። “አንዱ ገመድ ቢላላስ?” ይለኛል።

እኔ ሮማነወርቅ እባላለሁ። ባለቤቴ መምህር ሆኖ ከጎጃም ወደ አርባ ምንጭ ሲመደብ ተከትዬው መጣሁ። እሱ ጡረታ ወጥቶ ቁጭ ብሏል፤ እኔን ግን ድስቱ ጡረታ አላወጣኝም። ከከሊል ጋር ጎረቤት ነን። ለድግስ ሲጠራ የክርስቲያኑን ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ፤ የሙስሊሙን ሚስቱ ሸይማ ትሠራ ነበር። ሁለት እርድ፣ ሁለት ምድጃ፣ መሀል ላይ የሁለታችን ወሬ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ሥራው የሸይማ ነበር። ከሊል ድንኳን ይተክላል፤ ሰው የምታመጣው ግን እሷ ነበረች። ቀን ከመቆረጡ በፊት ቀበሌው ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች። ገበያ መቼ ነው የሚውለው? ጾሙስ? ሙዝ የሚጫነው በየትኛው ቀን ነው? ከሰዓት በኋላ ጥላው ወዴት ይዞራል? ለሹማምንቱ ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ትልና ለገበሬው አራት ሰዓት ትለዋለች፤ እንዲህ ካላደረገች አገር ሙሉ ሰው የአንድ መኪና አቧራ ሲጠብቅ ፀሐይ ላይ ይውላል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የምትጠይቀው፣ “ለቅሶ ያለበት ቤት አለ?” የሚለውን ነው። ካለ አስቀድማ እዚያ ገብታ ታለቅሳለች። ያዘነው ሰው “በሉ ደግሱ” ሳይል ከሊል ችካል አይመታም። በዚህ አገር ጎረቤት ሀዘን ላይ ተቀምጦ ጭብጨባ ነውር ነው።

ሸይማ ባለፈው ክረምት አረፈች። ሕመሙ ሲጠናባት ወራቤ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ እዚያው ሞታ በወጋቸው መሠረት ዕለቱኑ እዚያው ተቀበረች። ከሊል ከቀብር ሲመለስ ድንኳን አልተከለም። የስንቱን ለቅሶ ያስጠለለ ድንኳን መጋዘን ውስጥ ታጥፎ ተኝቶ፣ ሰው እዚያው በር ላይ አንድ ሁለት እየሆነ እየመጣ “አላህ ያጥናህ” ይለዋል። እሱ ደግሞ “አሚን፤ ሻይ ልዘዝላችሁ?” ይላል። ምነው ድንኳን ሲሉት፣ “እዚያ ተለቅሷል” ነው መልሱ። ሞተች የሚለውን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ “አንተ ሰውዬ፣ የምን ልብ ነው ያለህ?” አልኩት። ሸራ እያጠፈ ነበር፤ ማጠፉን አላቆመም።

“ምንም አይሰማኝም ሮማን” አለኝ። “ተኝተሽበት ሲነጋ እጅሽ ደንዝዞ አያውቅም? እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ግን ያንቺ አይመስልሽም። እንደዚያ ነኝ።”

የሸራውን ሌላ ጫፍ ይዤ አብሬው አጠፍኩ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከምዕራብ ዓባያ ወዲያ ካለች አንዲት ቀበሌ ጥሪ መጣ። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ እየሞላ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስቀራቸው ነበርና ተጋግዘው የእግረኛ ድልድይ ሠርተዋል። ምረቃው ላይ የወዲህና የወዲያ ማዶ ሰው አንድ ላይ እንዲውል ይፈልጋሉ። ከሊል ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ ጅምላ አከፋፋዩ ሙህሲን ድንኳኑንም ወንበሩንም ጠቅልሎ ሊወስድለት ተነጋግረዋል።

“ይኼን አንዱን ልሞክር” አለኝ። “ያለ እሷ ሰው ከመጣልኝ እቀጥላለሁ። ካልመጣ ሙህሲን ይጫነው።”

ነገሩን እንደ ዋዛ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ፈራሁ። ለእንጀራዬ ብቻ ብዬ አይደለም። ድንኳኑ ከተሸጠ ሸይማ እንደገና የምትሞትብኝ መሰለኝ።

ቀን ለመቁረጥ አብሬው ሄድኩ። ሸይማን ከድሮ የሚያውቋት የአገሩ ሽማግሌ አባባ ማርቆስ ተቀበሉን። ከሊል እሷ የምትጠይቀውን ሁሉ በእሷው ተራ ጠየቃቸው፤ ገበያውን፣ ጾሙን፣ ሙዙን፣ ጥላውን። መጨረሻ ላይ “ለቅሶ ያለበት ቤት አለ?” አለ።

“የለም፣ ሁሉ ሰላም ነው” አሉ አባባ ማርቆስ። አፋቸውን በጋሞኛ የፈቱ ናቸውና አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። “ሸይማስ? ደህና ነው?”

“አልሐምዱሊላህ” አለ ከሊል።

ዞር ብዬ አየሁት። እሱ ወንዙን ነበር የሚያየው።

የምረቃው ዕለት በማለዳ ደረስን። ድንኳኑ ወንዙ ዳር ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ሞንታርቦው “ሄሎ፣ ሄሎ” ተባለበት። ድልድዩ አፍ ላይ የሚቆረጠው ሪባን ታሰረ። የሰፈሩ ሴቶች ሽንኩርት ሊልጡልኝ መጥተው ከበቡኝ፤ ሁለቱም ምድጃ ነደደ፤ የሙስሊሙን ወጥ የያዘችው ከሲቀላ አብራን የመጣች ሌላ ሴት ናት። አንዷ ቀና ብላ የዚያኛውን ምድጃ አየችና “ዛሬ ሸይማ ምነው ቀረች?” አለችኝ።

ከሊልን በዓይኔ ፈለግሁት፤ ራቅ ብሎ ገመድ ይስባል። እሱ ካልነገራቸው እኔ ምን ብዬ ልዋሽ? “ሸይማማ አርፋለች። ክረምት ላይ” አልኳቸው።

የሁሉም እጅ ባንድ ጊዜ ቆመ። የጠየቀችኝ ሴት ቢላዋዋን ሽንኩርቱ ላይ አስቀምጣ ተነሣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ወደ ዳገቱ፣ ወደ ዱቡሻው ወጡ። ዱቡሻ ማለት ሽማግሌዎቹ የሚመክሩበት፣ ለሞተ ሰውም የሚለቀስበት የአገሩ አደባባይ ነው። ትንሽ አልቅሰው ይመለሳሉ ብዬ ድስቴን ማማሰል ቀጠልኩ።

አራት ሰዓት ሆነ። ሹማምንቱ መጥተው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ከኋላቸው ያለው ወንበር በሙሉ ባዶ ነው። ዳገቱ ላይ ግን ዱቡሻው በሰው ነጭ ሆኗል፤ ከወዲያ ማዶም ሰው ወንዙ አፋፍ ላይ ተሰብስቦ ቆሟል። መድረክ መሪው “የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች፣ ወደ ድንኳኑ ግቡልን” እያለ ለባዶ ወንበር ይለምናል። አንዱ ሹም ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ ከሊልን አየ።

ከሊል ፊቱ ላይ ምንም የለም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። “ሙህሲን፣ ማምሻውን መኪና ይዘህ ና” አለ፤ ሻይ የሚያዝ ነበር የሚመስለው። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደኔ መጣ።

“አልሆነልኝም” አለኝ። “ሌሊት ሰው ሞቶባቸው ይሆናል። እሷ ብትሆን ይኼኔ እዚያ ነበረች። ነይ፣ እንድረሳቸው።”

ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ግን ዳገቱን ጀምሮታል። ተከተልኩት።

ዱቡሻው ላይ ወንዶቹ ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከሊል አባባ ማርቆስ ፊት ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። ሳላውቅ ነው የተከልኩት። የማን ቤት ነው? መጀመሪያ እዚያ ልሂድ።”

አባባ ማርቆስ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

“ያንተ ነው” አሉት።

“የኔ?”

“ሸይማ ስንቴ እዚህ መጣ! ልጄን የቀበርኩ ጊዜ እዚህ መሬት ላይ ተቀምጦ ከኔ ጋራ አለቀሰ። እኛ ለሱ አልደረስንም። ዛሬ ሰማን። እንዴት ብለን ባንተ ድንኳን ገብተን እናጨበጭባለን?” እጁን ያዙት። “ድልድይ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ለቅሶ።”

ወረዱ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ በቀስታ። የወዲያ ማዶዎቹም ይኼን ሲያዩ በድልድዩ መጡ፤ ሪባኑን ማንም አልቆረጠውም፣ ከፍ እያደረጉ ከሥሩ አለፉ። የክብር እንግዳው መቀሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ትንሽ ቆይቶ መቀሱን ኪሱ ከተተና የፊት ወንበሩን ለቀቀ። አባባ ማርቆስ ከሊልን እዚያ ላይ አስቀመጡት።

ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲቀመጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጄኔሬተሩ ጠፍቷል፤ ንግግር ያደረገ የለም። ሴቶቹ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። የከሊል ዓይን ደረቅ ነበር። መዳፉ ብቻ የወንበሩን መደገፊያ ወዲያና ወዲህ ያሻል። ጎንበስ ስልለት፣ “ይቺ ወንበር አንድ እግሯ አጥሮ ታነክሳለች” አለኝ በጆሮዬ። “ስንት ሰው አስቀምጬባታለሁ።”

ከቆይታ በኋላ አባባ ማርቆስ “አሁን ድልድይ” አሉ። ተመረቀ፣ ተበላ፣ ተዘፈነ፤ ሁለቱም ድስት ተጠርጎ ወጣ። አንዲትም ወንበር ባዶ አልነበረችም። ከሊል ግን ደስ ያለው አልመሰለኝም፤ የከፋውም አልመሰለኝም።

ሲቀላ ስንደርስ መሸት ብሏል። ሙህሲን ፒካፑን አቁሞ መጋዘኑ በር ላይ ይጠብቃል። ከሊል ለአይሱዙው ሾፌር “እዚህ አትቁም፣ ቤት ሂድ” አለው። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ድንኳኑን አወረደና ዘረጋው። ሙህሲን ተከትሎን መጥቶ ግራ ገባው።

“እዚህ ነው የምረከብህ?”

“ያንን ገመድ ያዝልኝ” አለው ከሊል።

ሙህሲን ገመዱን አየ፣ ሰውየውን አየ። ከዚያ ጎትቶ ያዘ። እኔ ወንበር መደርደር ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቋሚ እንደቆመ አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቀስ አለ። ባለ ባጃጁ አንገቱን አውጥቶ “ጋሼ፣ ማን ሞቶ ነው?” አለ።

የከሊል መዶሻ አየር ላይ ቆመ። ገመዱን የያዘው ሙህሲንም እኔም ቀና ብለን አየነው።

“ሚስቴ” አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ። “ሸይማ ሞታብኝ ነው።”

ባለ ባጃጁ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ መጣ። አጠገቡ ያገኛትን ወንበር ሲስብ ከሊል እጁን ያዘው።

“እሷ ታነክሳለች፤ ይኼኛው ላይ ተቀመጥ” አለው። የምታነክሰዋን ራሱ ስቦ ተቀመጠባት።