ለፋሲካ የቆየ ምዕራፍ

ጦርነቱ ከካርቱም ካባረረን ወዲህ ከታላቅ እህቴ ጋር ገዳሪፍ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ልቧን ታማለች፤ ዓይኗም ደክሟል። ማታ ማታ ከስፌት ሥራዬ ስመለስ ደጃፋችን ላይ ባለው የሣር ዳስ፣ በራኩባው ሥር ተቀምጬ የማነብላት እኔ ነበርኩ። መጽሐፉን የላከችላት ቱነይድባ መጠለያ ያለች የጸሎት ጓደኛዋ ናት። በታሪኩ የአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የብር መስቀል ይጠፋል፤ የቄሱ ሚስት ወጧን እያማሰለች፣ በየመሀሉ እየጸለየች ሌባውን ታፈላልጋለች። እኔ ጸሎት ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ለመሳቅ ብዬ ነው የጀመርኩት።

«እግዜር ደግሞ መርማሪ ሆኖ ተቀጠረ?» እላታለሁ።

«አፍህን ሰብስብና አንብብ፣ ወንድም ዓለም።»

ሳምንት ሳይሞላ ግን ልብስ እየሰፋሁ ስለዚያ መስቀል ሳወጣ ሳወርድ መዋል ጀመርኩ። እኔ የቤተ ክርስቲያኒቱን ገበዝ ጠረጠርኩ። እሷ ግን «ማንም አልሰረቀውም፤ የሚወደው ሰው ነው የደበቀው» ብላ ድርቅ አለች።

አንድ ምዕራፍ ሲቀረን ሕማማት ደረሰ። «ኸላስ፣ በቃ፣ በሕማማት ደስታ የለም። ለፋሲካ ይቆይልኝ» አለች። በዚያ ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሆሳዕና ዕለት ለሁሉም አስቀድሞ ይደረጋል። ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «የእኔም ተደርጎልኛል፣ አታስብ» ብላ ቀለደች። ተቆጣኋት።

ማክሰኞ፣ እሷ ጋደም እንዳለች፣ መጨረሻውን ተደብቄ አነበብኩት። አንዲት መበለት መስቀሉን ከዘራፊ ለማዳን ዱቄት ውስጥ ቀብራው ኖሯል። ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን ገበዙን ያልኩት እኔ ነኝ፤ መረታት አልወድም። ደግሞ ለቀሩት ሰባት ገጾች ጓጉቼ ሳልታገሥ መቅረቴን ብትሰማ ትስቅብኛለች። ፋሲካ ሩቅ አይደለም ብዬ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ውሃ ይዤላት ስገባ አልነቃችም። በዚያው ቀን ቀበርናት።

በፋሲካ ዕለት መጽሐፉን ይዤ ወደ መቃብሯ ሄድኩ። የሞተ ሰው አይሰማም እያልኩ ስከራከራት የኖርኩ ነኝ፤ ዛሬም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ቢሆንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መበለቲቱ እጇን ዱቄቱ ውስጥ ስታስገባ ማንበቤን አቆምኩ።

«እታለም፣ ልክ ነበርሽ» አልኳት።

መጨረሻውን ተደብቄ ባነበብኩባት ማክሰኞ ዕለት በአልጋዋና በወንበሬ መካከል አንድ ክንድ እንኳ አልነበረም።