በባጃጅ የተጠራ ስም

ቡልቡላ ውስጥ ጆሮዬን ጠምዝዞ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪዬ ቲቸር ከሪማ። ጥፋቴ ስሜ ሲጠራ ዝም ማለቴ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያስተምሩ ስም ሳይጠሩ ትምህርት ጀምረው አያውቁም። ዝም ያለ ተማሪ ካለ ወዮለት።

በ2012 ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ትምህርቱ በቴሌግራምና በቴሌቪዥን ይቀጥላል ተባለ። ቲቸር የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ። ከስድሳ አንድ ተማሪዎች ቴሌግራም የሚሠራ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን እቤታቸው ያላቸው ዘጠኙ ብቻ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ «መመሪያ እንጠብቅ» ቢሏቸው «እርስዎ ይጠብቁ» ብለው ቀጥታ ወደ እኔ፣ ወደ ድሮ ተማሪያቸው ባጃጅ ነጂው መጡ።

«ጃዕፈር፣ ይቺ ባጃጅህ ከዘፈን ሌላ ነገር ታሰማለች?»

«ፍላሽ ላይ ያለውን ሁሉ ታሰማለች፣ ቲቸር።»

እሳቸው ትምህርቱን በኦሮምኛ ይቀዳሉ፣ እኔ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሦስት ሰፈር እየቆምኩ አሰማለሁ። ልጆቹ ተራርቀው ግራር ሥር ይቀመጡና ድምፁ እንዳዘዛቸው አፈሩ ላይ በእንጨት ይስላሉ። የመጀመሪያው ቀን ቅጂው በስም ጥሪ ሲጀምር ሳቄ መጣ። ባጃጅ ማን እንደቀረ በምን ታውቃለች? ልጆቹ ግን አልሳቁም። በየተራ እየተነሡ «ጂራ» አሉ፣ አለሁ ማለታቸው ነው። አፈርኩ።

ሎሚ የምትባል ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ሐምሌ ላይ አባቷ ኦቦ ወዬሳ አዳማ የቤት ሠራተኝነት አገኙላት። ቲቸር ሦስት ጊዜ ሄደው ለመኗቸው።

«ባርሲስቱ» አሏቸው ኦቦ ወዬሳ በመጨረሻ፣ አስተማሪዋን ሲጠሩ እንዲያ ነው የሚሉት፤ «ትምህርት ቤቱን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም።»

ቲቸር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ተሸነፉ ብዬ በጣም አዘንኩ። በማግስቱ ግን ፍላሹን አቀበሉኝ። «ዛሬ ኦቦ ወዬሳ በር ላይ አቁም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ክፈተው።»

ስደርስ ኦቦ ወዬሳ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ሎሚ ልብሷን ጠቅልላ ግቢ ውስጥ ተቀምጣለች፣ የአዳማው ሚኒባስ እስኪመጣ። የሰፈሩ ልጆችም ባጃጇን ተከትለው መጡ፣ ጥሪው ተጀመረ።

«ሎሚ ወዬሳ።»

ዝም። ልጆቹ ሁሉ ወደ አጥሩ ዞሩ። ጨንቆኝ ላሳልፈው እጄን ስዘረጋ ድምፁ ተመለሰ።

«አልሰማሁም። ሎሚ ወዬሳ።»

ሎሚ አባቷን አየች።

«እጠብቃለሁ» አሉ ቲቸር ከባጃጇ ውስጥ። ከዚያ በኋላ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። ቀጣዩን ስም አይጠሩም። ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ቴፑን አየሁት፣ ይሠራል። ያኔ የተጠመዘዘው ጆሮዬ ጋለ።

ኦቦ ወዬሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባጃጇን እያዩ «ጂርቲ» አሉ፣ አለች። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ተነሺ እንጂ፤ ሰው እያስጠበቅሽ ነው» አሏት።

ሎሚ ጥቅልሏን ትታ፣ አፈር ላይ የምትጽፍበትን እንጨት ይዛ ወጣች። ቲቸር ቀጣዩን ስም ጠሩ።